ፎርድ ስካይላይነር፦ የብረት ጣሪያውን የሚውጠው መኪና

የ1950ዎቹ የአሜሪካ ክፍት መኪኖች ጣሪያቸው ሸራ ነበር። ስካይላይነር ግን የብረት ጣሪያውን እንዳለ አንስቶ ከኋላ ይከተዋል። ፎርድ ይህን ባለ 8 ሲሊንደር መኪና ያመረተው እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1959 ብቻ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ዦርዥ ፖሊን የነደፈውን ተመሳሳይ ጣሪያ ፔዦ በ1930ዎቹ ሸጦበታል። (የጥርስ ሐኪም መኪና ሲነድፍ እንግዲህ!) ፎርድም ጥናቱን የጀመረው ለቅንጡው ኮንቲኔንታል ብሎ ነው። እዚያ ሳይሆን ሲቀር፣ ወጪው ከንቱ እንዳይቀር ለተራው ፎርድ ተሰጠ።

ጣሪያውን የሚያዝ ኮምፒውተር የለም። ሁሉም ነገር በተራ ይሠራል። መጀመሪያ የኋላው ክዳን መቀርቀሪያው ተፈቶ ይነሳል። ቀጥሎ የጣሪያው መቆለፊያዎች ይለቃሉ። ጣሪያው ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ቦታው እንዲበቃው ደግሞ የፊት ጫፉ ይታጠፋል። በመጨረሻ ክዳኑ ይዘጋል። አንዱ ሥራ ሲያልቅ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ትጫናለች፤ ለቀጣዩ ሞተር ኤሌክትሪክ የምትለቀው እሷ ናት። ለዚህ ሁሉ 7 የኤሌክትሪክ ሞተሮች (በ1959ኙ 6)፣ 10 ማብሪያዎችና 186 ሜትር ገደማ ሽቦ ገብቶበታል።

ታዲያ ስካይላይነር የሚያድስ ሰው የሚፈተነው መኪናውን በሚያንቀሳቅሰው ሞተር አይደለም። ሞተሩ የታወቀ የፎርድ ሞተር ነው። ላሜራውንም ቢሆን ጎበዝ ቀጥቃጭ ይወጣዋል። ጉዱ ሽቦው ላይ ነው። አንዷ ማብሪያ ዝገት ይዟት ወይም ቦታዋን ስታ ከሆነ ጣሪያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ክዳኑም እንደተገተረ ነው፤ መንዳትም መዝጋትም የለም። ጥፋተኛዋን ለማግኘት ቅደም ተከተሉን ደረጃ በደረጃ መከተል ግድ ነው። በግምት ዕቃ የሚቀያይር መካኒክ እዚህ ገንዘብ ከማስጨረስ በቀር አይፈይድም። በደንብ የተስተካከለ ጣሪያ ግን ለዓመታት ያለ ችግር ይሠራል፤ የተወራበትን ያህል ክፉ አይደለም።

ለሻንጣ ግን አይመችም። ጣሪያው ሲገባ የሚተርፈው መሃል ላይ ያለች አንዲት ሳጥን ብቻ ናት። ዋጋውም ከሌላው የፎርድ ክፍት መኪና፣ ከባለ ሸራው ሰንላይነር፣ ከ400 ዶላር በላይ ይበልጥ ነበር። በ1957 ሰንላይነር ከ77 ሺህ በላይ ሲመረት፣ ስካይላይነር 20,766 ላይ ቆመ። በ1958 ወደ 14,713፣ በ1959 ወደ 12,915 ወረደ። ለ1960 አዲስ ቅርጽ ሲመጣ ፎርድ እርግፍ አድርጎ ተወው።

ዛሬ የታደሰ ስካይላይነር የሚገዛ ሰው በቀለሙና በክሮሙ መማረክ የለበትም። ሞተሩ በርቶ፣ ባትሪው እየተሞላ፣ ጣሪያው ደጋግሞ ሲከፈትና ሲዘጋ ይይ። ሻጩ «ትናንት ይሠራ ነበር» ካለ፣ ዋጋው ላይ መደራደር የሚጀመረው እዚያው ላይ ነው።