አስቸጋሪ ልጅና የኮከብ ሰሌዳ

የኮከብ ሰሌዳ የሚባለው የሽልማት ሥርዓት አንድ ልጅ አስቀድሞ የተነገረውን መልካም ነገር ባደረገ ቁጥር ትንሽ ምልክት የሚያገኝበት፣ ምልክቱ ሲጠራቀም ደግሞ በሚወደው ነገር የሚለውጥበት መንገድ ነው። ምልክቱ ኮከብ፣ ስቲከር፣ ነጥብ ወይም በማሰሮ የሚጠራቀም ጠጠር ሊሆን ይችላል። በብዛት የሚሠራበት ከአፀደ ሕፃናት እስከ አንደኛ ደረጃ ባሉ፣ ቤተሰብ «እልኸኛ» ወይም «አልታዘዝ ባይ» በሚላቸው ልጆች ላይ ነው።

ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት አንድ ሱቅ በር ላይ መቆም ይበቃል። የ5 ዓመት ልጅ ከረሜላ ይጠይቃል። እናቱ «ዛሬ የለም» ትለዋለች። መሬት ላይ ተንከባሎ ይጮኻል፣ መንገደኛው ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ እናት በእፍረት ትገዛለታለች፣ ልጁም ዝም ይላል። እሱ ጩኸት ከረሜላ እንደሚያመጣ ተማረ፤ እሷም እሺ ማለት ጸጥታ እንደሚያመጣ ተማረች። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄራልድ ፓተርሰን በኦሪገን ግዛት እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን በየቤታቸው ሲያጠና ኖሮ፣ ይህ እርስ በርስ የመገዳደድ አዙሪት እንዴት እየከረረ እንደሚሄድ አሳይቷል። በአዙሪቱ ውስጥ የሚጠፋው ደግሞ መልካሙ ነገር ነው። ልጁ ለግማሽ ሰዓት ከእህቱ ጋር በሰላም ቢጫወት «ተመስገን፣ ዝም አለልኝ» ብለን ወደ ጓዳ እንገባለን፤ የምንወጣው ሲጣሉ ነው። የሰሌዳው ትልቁ ጥቅም በእኔ እምነት እዚህ ላይ ነው፦ ልጁን ከመለወጡ በፊት የወላጁን ዓይን ይለውጣል።

ሐሳቡ ከቤት በፊት ሆስፒታል ውስጥ ነበር የተፈተነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ ኤፍ ስኪነር ውጤቱ የተወደደ ድርጊት እንደሚደጋገም በቤተ ሙከራ ካሳየ በኋላ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ቴዎዶሮ አይሎንና ናታን አዝሪን እ.ኤ.አ. በ1961 በኢሊኖይ ግዛት፣ አና በምትባል ከተማ ባለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ለዓመታት የተኙ ሕሙማን ራሳቸውን ሲንከባከቡና ሥራ ሲሠሩ ምልክት እየተቀበሉ በሚፈልጉት ነገር ይለውጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ በካንሳስ ግዛት፣ በሎረንስ ከተማ፣ ከሕግ ጋር መጋጨት የጀመሩ ወንዶች ልጆች ከባልና ሚስት አሳዳጊዎች ጋር የሚኖሩበት ቤት ተከፈተ። ልጆቹ ክፍል በማጽዳት፣ የቤት ሥራ በመሥራት ነጥብ ያገኛሉ፤ በነጥቡ ብስክሌት መንዳት፣ ቴሌቪዥን ማየት፣ ከተማ መውጣት ይገዛሉ። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሰጡት የወላጆች ሥልጠናዎች ከእነዚህ ሥራዎች ብዙ ወርሰዋል።

ሰሌዳው የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው በአጻጻፉ ነው። «ጨዋ ሁን» ብሎ ኮከብ መስጠት አይቻልም፤ ጨዋነት አይቆጠርምና። «ስሙ ሲጠራ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት ብሎ መምጣት» ግን ይቆጠራል። ከዚህ ዓይነት ሁለት ወይም ሦስት ነገር ብቻ ተመርጦ ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል። ልጁ «አቤት» ብሎ እንደመጣ ኮከቡ እዚያው ይለጠፍለታል፤ ማታ አባት ሲመጣ ከሆነ ዘግይቷል። ከኮከቡ ጋር «ጎሽ! በአንድ ጥሪ መጣህልኝ» ይባላል፤ ያደረገው ነገር በስሙ ይጠራለታል። የመጀመሪያው ሽልማት ሩቅ መሆን የለበትም፤ አስቸጋሪ ልጅ መሸነፍ የለመደ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ማሸነፍ አለበት። ለትንንሽ ልጆች አንዴ የተሰጠ ኮከብ በጥፋት ባይነጠቅ ይመረጣል፤ ጥፋቱ የራሱ መልስ ይኖረዋል። ሽልማቱም ገንዘብ መሆን አያስፈልገውም። እንጀራ ሲጋገር በስሙ የሚወጣ እንጎቻ፣ ከአባት ጋር ኳስ መጫወት፣ ማታ የሚነገረውን ተረት ራሱ መምረጥ፣ እነዚህ ከአሻንጉሊት በላይ የሚፈለጉበት ቤት ብዙ ነው።

«ይኼማ ጉቦ ነው» የሚሉ አያቶች አሉ፤ ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ልጁ እየጮኸ «ዝም ካልክ እሰጥሃለሁ» ማለት የጩኸት ዋጋ መክፈል ነው። ሽልማት ግን ሁሉም በረጋበት ሰዓት ተነግሮ፣ ከድርጊቱ በኋላ የሚሰጥ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ከምርምር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን አጥንተው ነበር። ሽልማት አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው ልጆች ከቀናት በኋላ በራሳቸው ፈቃድ የሚሥሉበት ጊዜ ከሌሎቹ በእጅጉ አንሶ ተገኘ፤ ድንገት የተሸለሙት ግን አልቀነሱም። ስለዚህ ልጁ ወዶ ለሚያደርገው ነገር ኮከብ አይለጠፍም። ልማዱ ሲጸናም ኮከቡ እየሳሳ ሄዶ ይቀራል፤ ምስጋናው ይቆያል።

በኢትዮጵያ ሽልማት በትምህርት ቤት የታወቀ ነው፤ ግን አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ለወጡት ነው። የኋላ ወንበር ረባሹ ደብተር ተሸልሞ አያውቅም። ሰሌዳው ግን ልጁን የሚያወዳድረው ከትናንቱ ከራሱ ጋር ነው። በቤት ውስጥም ቁንጥጫ፣ አለንጋ፣ አልፎም በበርበሬ ማጠን የኖረ ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ማሞገስ ግን «ፊት መስጠት» ሆኖ ይታያል፣ ልጁ ይሞላቀቃል ተብሎ ይፈራል። እንዲያም ሆኖ ውኃ ላቀበለ ልጅ «እደግ፣ ተመንደግ» ማለትን የማያውቅ ቤት የለም። ወዲያው የሚሰጥ፣ ለአንድ ለተለየ ድርጊት የተሰጠ ምርቃት ነው። ሰሌዳው ከዚህ የሚለየው ሲጠራቀም ዓይን የሚያየው በመሆኑ ነው።

ሽልማት የማይፈታው ችግርም አለ። እንቅልፍ ያጣ፣ የራበው፣ ቤት ውስጥ ጠብ የሚያስፈራው ልጅ ኮከብ አያረጋጋውም። ጆሮው የሚያመው ልጅም ሦስት ጊዜ ተጠርቶ «አቤት» ያላለው ባለመስማቱ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ከሰሌዳው በፊት ጆሮውን የሚያይለት ሐኪም ያስፈልገዋል።