ትሮቱላ ምንድን ነው?

በአማርኛ ሐኪምም ይመረምራል፣ ፖሊስም ይመረምራል። ሁለቱንም ሥራ ለአንዲት ሴት የሚሰጡ ልቦለዶች አሉ፤ እኔ በጣም ነው የምወዳቸው። ታሪኩ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ውስጥ ነው። ሰው ሞቶ ይገኛል። መንደሩ ጠንቋይ ፍለጋ ይሯሯጣል። እሷ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ሬሳው አጠገብ ትንበረከካለች። ሕክምና የት ተማርሽ ስትባል መልሷ ብዙ ጊዜ «ሳሌርኖ» ነው። እዚያው አካባቢ «ትሮቱላ» የሚል ስም ብቅ ይላል፤ የታላቅ ሴት ሐኪም ስም ሆኖ።

ትሮቱላ ግን ሰው አይደለችም፤ መጽሐፍ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሳሌርኖ ውስጥ በላቲን የተጻፉ ሦስት ጽሑፎች አንድ ላይ ሲጠረዙ የተሰጣቸው የጋራ ስም ነው። አንዱ ስለ ሴቶች ሕመም፣ ሌላው ስለ ሕክምናቸው፣ የቀረው ስለ ፊትና ስለ ፀጉር እንክብካቤ ይናገራል። ስሙ የተወሰደው ትሮታ ከምትባል የሳሌርኖ ሴት ሐኪም ነው። «ትሮቱላ» ሲሉ «ትንሿ ትሮታ» ማለታቸው ነው፤ የቁልምጫ መጠሪያ ነው። ውሎ አድሮ አንባቢው የመጽሐፉን ስም የደራሲዋ ስም አደረገው።

ሳሌርኖ ከኔፕልስ በስተደቡብ የምትገኝ የጣሊያን የባሕር ዳር ከተማ ናት። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሰሜን አፍሪካ የመጣው ቆስጠንጢኖስ አፍሪካዊው ከዐረብኛ ወደ ላቲን የመለሳቸው የሕክምና መጻሕፍት ዝናዋን ከፍ አደረጉት። ሴቶችም ያክሙ ነበር። የከተማዋ ወንድ ሐኪሞች ሲጽፉ «የሳሌርኖ ሴቶች ለዚህ ሕመም ይህን ቅጠል ይሰጣሉ» እያሉ ይጠቅሷቸዋል። ያው «ሴቶች» ናቸው እንጂ ስም የላቸውም። እኔን ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሙያቸውን ወስደው ስማቸውን ተዉት።

የትሮታ ስም ተረፈ፤ እሱም ቢሆን ብዙ ተንገላቶ ነው። መጽሐፉ በእጅ እየተገለበጠ አውሮፓን አዳረሰ። ዛሬ ድረስ ከመቶ በላይ የላቲን ቅጂዎች አሉ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዛዊው ገጣሚ ቾሰር ሳይቀር «ትሮቱላ»ን ይጠቅሳል። ከዚያ በ1544 እ.ኤ.አ. ጌኦርግ ክራውት የሚባል ሰው ስትራስቡርግ ላይ ሲያሳትመው ሦስቱን ጽሑፎች በታትኖ እንደ አንድ ሰው ሥራ አድርጎ ሰፋቸው። በ1566 ደግሞ ባዝል ላይ ሌላ አሳታሚ መጣና የመጽሐፉ ደራሲ ሴት ሳትሆን ኤሮስ የሚባል፣ ከባርነት ነጻ የወጣ ሮማዊ ወንድ ነው አለ። ሴትየዋ በአንድ ገጽ ተሰረዘች።

የተመለሰችው በምርመራ ነው። ታሪክ አጥኚው ጆን ቤንተን ማድሪድ ውስጥ ካለ አሮጌ ቅጂ ላይ አንድ ሌላ ጽሑፍ አገኘ፤ በትሮታ አሠራር የተዘጋጀ የሕክምና መመሪያ ነው ይላል። ከወር አበባ ችግር እስከ እባብ ንድፊያ ድረስ ያወራል። ግኝቱ በ1985 ታተመ። ታሪክ አጥኚዋ ሞኒካ ግሪን ደግሞ ቅጂዎቹን ለዓመታት አንድ በአንድ ስታገላብጥ ቆይታ ጉዳዩን ቋጨችው። ማድሪድ የተገኘውን መመሪያ ከሦስቱ ጽሑፎች ጋር ስታስተያየው የሚገጥመው ሁለተኛው፣ ስለ ሕክምና የሚያወራው ነው። የትሮታ እጅ ያለበት እሱ ነው። የቀሩት የሁለቱ ጽሑፎች ደራሲዎች ወንዶች ሳይሆኑ አይቀሩም። ግሪን ሦስቱን ለያይታ በ2001 ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር አሳተመቻቸው። ለእኔ ይህ ራሱ ከልቦለድ ያልተናነሰ የምርመራ ታሪክ ነው።

ልቦለዶቹን በአንድ ነገር ማረም ግን ግድ ነው። በትሮታ ዘመን ሳሌርኖ ውስጥ ለትምህርት የሚቀደደው የሰው ሬሳ ሳይሆን አሳማ ነበር። የሰው አስከሬን ለተማሪዎች መቅደድ የተለመደው ከዚያ በኋላ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቦሎኛ ላይ ነው። ስለዚህ ሬሳ ከፍታ ገዳይ የምታወጣዋ ጀግና የደራሲ ፈጠራ ናት።

የትሮታ መርማሪነት ግን ፈጠራ አይደለም። ሁለተኛው ጽሑፍ ላይ አንድ አጭር ገጠመኝ ተጽፏል። አንዲት ልጅ ሆድ ዕቃዋን አሟታል። ተቀዷል ተብሎ በምላጭ ሊከፍቷት ተዘጋጅተዋል። በዚያ ዘመን ሆድ መከፈት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ማደንዘዣ እንደ ዛሬው የለ፣ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ማቆሚያ የለ። በመጨረሻ ትሮታ ተጠራች። ጽሑፉ «እንደ መምህርት» ተጠራች ነው የሚለው። ልጅቷን ስታይ ተገረመች።

ትሮታ የተነገራትን አልተቀበለችም። «አይደለም» ብላም አልተከራከረችም። ልጅቷን ወደ ቤቷ ወሰደቻት፤ ከሰው ዓይን ርቃ የሕመሙን ምክንያት ራሷ ልታይ። አየችም። የተቀደደ ነገር የለም፤ ሕመሙ የመጣው ከውስጥ ከታፈነ ነፋስ ነው። ልት የሚባል ተክልና ሌላ ቅጠል የተጨመረበት ገላ መታጠቢያ አዘጋጀችላት። እግር እጇን አሸቻት። የፍጁል ጭማቂ በገብስ ዱቄት ለውሳ ሞቅ እንዳለ ለጠፈችባት። እንደገና ውሃው ውስጥ አስቀመጠቻት። ልጅቷም ምላጭ ሳይነካት ዳነች።