ምንጮችን አዋሕዶ መጻፍን ማስተማር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ተማሪው እያንዳንዱን ምንጭ በሚገባ ካሳጠረ መረጃውን አዋሕዷል።»

እውነታው፦ ማሳጠር አንድ ጸሐፊ ያለውን በአጭሩ መልሶ መናገር ሲሆን፣ ማዋሐድ ግን ብዙ ጸሐፊዎች ስለ አንድ ጥያቄ ያሉትን አገናዝቦ በየትኛውም ምንጭ ለብቻው ወደማይገኝ ድምዳሜ መድረስ ነው። አንቀጾቹ ሁሉ «እገሌ እንደሚለው» እያሉ የሚጀምሩ ከሆነ ማጠቃለያዎች ተደረደሩ እንጂ አልተዋሐዱም።

«ምንጮች ሲቃረኑ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ይገባል።»

እውነታው፦ በእኔ እምነት ከሁሉ የሚጎዳው ይህ አመለካከት ነው፤ ምክንያቱም ተማሪው ማሰብ በሚጀምርበት ቦታ ላይ እንዲያቆም ያደርገዋል። ስከርቪ የተባለውን በሽታ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1747 የብሪታንያ ባሕር ኃይል ሐኪም የነበረው ጄምስ ሊንድ 12 ሕሙማንን ሁለት ሁለት አድርጎ የተለያየ ነገር ሲሰጣቸው፣ ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ ከሌሎቹ ፈጥነው አገገሙ። ከ1875 እስከ 1876 ወደ አርክቲክ የተጓዘው የብሪታንያ ቡድን ግን የሎሚ ጭማቂ ይዞ ሄዶ ሳለ በስከርቪ ተጠቃ። ተማሪው እዚህ ላይ «የትኛው ዘገባ ተሳስቷል?» ብሎ ከጠየቀ መንገዱ ይዘጋበታል። ሦስተኛ ምንጭ ግን በሎሚ ውስጥ የሚገኘውና ስከርቪን የሚከላከለው ቫይታሚን ሲ በሙቀት፣ በአየርና ከመዳብ ጋር በመነካካት እንደሚጠፋ ይነግረዋል፤ በዚህ ጊዜ ጥያቄው «ጭማቂው እንዴት ተዘጋጀ? ምን ያህል ጊዜስ ተቀመጠ?» ወደሚል ይለወጣል፣ የተቃረኑ የመሰሉት ዘገባዎችም አብረው እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ ይገነዘባል።

«ምንጭ በበዛ ቁጥር ጽሑፉ ይዳብራል።»

እውነታው፦ ለጀማሪ፣ ስለ አንድ ጥያቄ የተለያየ ነገር የሚሉ ሦስት ምንጮች እርስ በርስ ከማይገናኙ ዐሥር ምንጮች ይበልጣሉ።

«ችሎታው ብዙ በማንበብ በራሱ ይመጣል።»

እውነታው፦ ማንበብ አስፈላጊ ቢሆንም፣ የማገናዘቡ ሥራ በአንባቢው አእምሮ ውስጥ የሚከናወን በመሆኑ ተማሪው ሊያየው አይችልም፤ ስለዚህ መምህሩ ሐሳቡን ጮክ ብሎ እየተናገረ በሰሌዳ ላይ ሊሠራው ይገባል። ምንጮቹን በረድፍ፣ ንዑስ ጥያቄዎቹን በዓምድ አድርጎ ሠንጠረዥ ያሰምርና የመጀመሪያውን ረድፍ ራሱ ይሞላል፤ ቀሪዎቹን ተማሪዎቹ ይሞላሉ። ከዚያም ዓምዱን ከላይ ወደ ታች እንዲያነቡ ያደርጋል። አንቀጽ የሚወጣው ከዓምዱ ነው፤ ባዶ የቀረው ሳጥንም ገና ምን ተፈልጎ መነበብ እንዳለበት ያሳያል።