«በሽታን የሚቋቋም ዝርያ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው የስንዴ ቡቃያ ፎቶ ለጥፎ «ይቋቋማል የተባለው ዝርያ ይኸው ግንድ ዋግ ያዘው፣ ሸወዱን» ሲል አየሁ። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ቅጠሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች አሉ። ግንድ ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ ሲያሸንፍ የሚታየው ዝገት የሚመስል ዱቄት ግን የለም። ወዳጄ፣ ያየኸው ሽንፈቱን ሳይሆን መቋቋሙን ነው!

መቋቋም ማለት አለመነካት አይደለም። ተክል እንደኛ በደም እየተዘዋወሩ የሚከላከሉለት ሴሎች የሉትም። እያንዳንዱ ሴል የራሱ ዘበኛ፣ ማለትም ከጂኑ የሚሠራ ፕሮቲን፣ አለው በሉ። ይህ ዘበኛ ሌባን ሁሉ አያውቅም፤ የሚያውቀው የአንዱን ሌባ ኮት፣ ማለትም የፈንገሱን መለያ ፕሮቲን፣ ብቻ ነው። ኮቱን ሲያይ ቤቱን ከነራሱ ያቃጥለዋል፤ ሴሉ ራሱን ይገድላል ማለት ነው። የዋግ ፈንገስ የሚመገበው ከሕያው ሴል ስለሆነ እዚያው ምግብ አጥቶ ይቀራል። ነጠብጣቡ የዚያ ቃጠሎ አመድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የቻይና ተመራማሪዎች የአንዱን ዘበኛ ቅርጽ አሳዩን። አምስት ፕሮቲኖች ተገጣጥመው መንኮራኩር ይሠራሉ። በኋላ እንደታየው መንኮራኩሩ የሴሉን ሽፋን በስቶ ካልሲየም ያስገባል፤ ቃጠሎው የሚነሳውም በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ግንድ ዋግን የሚከላከለው የስንዴ ጂን፣ ኤስአር35፣ በዚሁ መንገድ እንደሚሠራ ታወቀ።

(ነጠብጣብ ሁሉ ግን መቋቋም አይደለም። የሞተ ሴል የሚበሉ ፈንገሶችም አሉ። ለእነሱ የተቃጠለ ቤት ድግስ ነው።)

ሲቋቋም የነበረ ዝርያ መታመም ሲጀምር «ዘሩ አረጀ» የሚለውም አባባል ያናድደኛል። ዘሩ አላረጀም። ኤስአር31 የተባለው ጂን በብዙ አገሮች ስንዴ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ግንድ ዋግን አቁሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ዩጋንዳ ውስጥ ዩጂ99 የተባለው የዋግ ዘር (የፈንገሱ ዓይነት) ተገኘ፤ ጂኑም አላቆመውም። ዘበኛው ያው ነው፣ የተለወጠው ኮቱ ነው። ፈንገሱም አስቦበት አይደለም። ከእልፍ አእላፍ ብናኝ መካከል ኮቱ የተለየው ይተርፋል፣ ይባዛል። ለዚህ ነው አንድ ጂን ብቻውን ማሳ ላይ መልቀቅ የሚያስፈራን፤ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ማስገባት ይሻላል።

መቋቋምን የሚያሰናክል ሙቀትም አለ። የትምባሆን ሞዛይክ ቫይረስ የሚያቆመው ጂን ከ28 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሥራውን ያቆማል።

እና «ይቋቋማል» ሲባል መጀመሪያ ጠይቁ፦ የትኛውን በሽታ? የትኛውን የበሽታውን ዘር? ግንድ ዋግን የሚያቆም ዝርያ በሌላው የዋግ ዓይነት፣ በቢጫ ዋግ፣ ሊያልቅ ይችላል። እኛም ቡቃያ ላይ ግንድ ዋግን ስንለካ ከ0 እስከ 4 ነጥብ እንሰጣለን። እስከ 2 ያለው፣ ትንሽ ዱቄት እንኳ ቢኖረው፣ የሚቋቋም ነው። ያ ፎቶ 1 እንኳ አይሞላም።