በአዲስ አበባ ቤቶች የኦይስተር እንጉዳይ ክፍል እርጥበትና አየር አያያዝ

ኦይስተር እንጉዳይ በቤት ውስጥ ለማምረት ከሚቀሉት የእንጉዳይ ዓይነቶች አንዱ ነው። ሰው ሆን ብሎ ማምረት የጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ጀርመን ውስጥ በዛፍ ጉቶ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ አንዲት ሰርቪስ ክፍል በላስቲክ ተጋርዳ ለጾም ገበታ የሚሆን ምርት ትሰጣለች።

መጀመሪያ ጭድ ወይም የጥጥ ፍሬ ቅርፊት ይነከራል። በእፍኝ ተይዞ ሲጨመቅ ጠብታ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣው ልኩ ነው። ከዚያ በበርሜል በእንፋሎት ይቀቀላል። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ ለጭድ ግን ይበቃል። የጤፍ ጭድ ታምቆ አየር ይከለክላል የሚሉ አሉ፤ የሚመርጡትም አሉ። ሲቀዘቅዝ ከእንጉዳዩ ዘር (የእንጉዳዩ ድር ካደገበት እህል) ጋር ተደባልቆ በላስቲክ ከረጢት ይታሰራል። ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ጨለማ ክፍል ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ነጭ ድር ይሸፍነዋል። ከረጢቱ የራሱን እርጥበት ስለሚይዝ የክፍሉ አየር እስከዚህ ድረስ ብዙ አያሳስብም።

ጣጣው የሚመጣው ከረጢቱ ተቀድዶ እንጉዳዩ ብቅ ሲል ነው። አሁን ከ80 እስከ 95 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ ሊይዝ ከሚችለው እንፋሎት ምን ያህሉን እንደያዘ)፣ ከ15 እስከ 22 ዲግሪ ሙቀት፣ ጽሑፍ የሚያስነብብ ያህል ብርሃንና ንጹህ አየር ይፈልጋል። የአዲስ አበባ ብርድ እዚህ ላይ በረከት ነው። ችግሩ የበጋው ደረቅ አየር ነው። ለዚህ ወለሉን ማርጠብ፣ ግድግዳው ላይ እርጥብ ጆንያ መስቀልና አየሩ ላይ በቀን ብዙ ጊዜ ደቃቅ ውሃ መርጨት ይረዳል። እንጉዳዩ ላይ በቀጥታ መርጨት ግን ስህተት ነው። ውሃ የተኛበት ቆብ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ይልጋል።

ክፍሉን ማሞቅም እርጥበቱን ይቀንሳል። 10 ዲግሪ ላይ በእንፋሎት የተሞላ አየር ውሃ ሳይጨመርበት 20 ዲግሪ ሲደርስ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ማሞቂያ የበራ ዕለት ርጭቱ ይጨመራል። ከሰል ግን በፍጹም አይገባም፤ የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ ሰው ይገድላል።

እርጥበት እንዳይወጣ ብሎ ሁሉንም መድፈንም አያዋጣም። እንጉዳይ እንደ ሰው ኦክስጅን ወስዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። አየሩ ሲታፈን እግሩ ይረዝማል፣ ቆቡ ቁልፍ ያህል ሆኖ ይቀራል። ይህን ያየ ሰው መለኪያ ሳይጠብቅ መስኮት ይክፈት። በአንጻሩ የቆቡ ጠርዝ ከተሰነጠቀ ክፍሉ ደርቋል ማለት ነው። መስኮቱ ላይ አጎበር መወጠር ጥቃቅን ዝንቦችን ያስቀራል። ክረምት ላይ ደግሞ ርጭት ቀንሶ አየር ማብዛት ነው። አረንጓዴ ሻጋታ የታየበት ከረጢት ሳይፈታ ከቤት ይውጣ።

ምርቱ የሚቆረጠው የቆቡ ጠርዝ ወደ ላይ ሳይገለበጥ ነው። ካለፈ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ይለቃል። ብናኙ ሳንባ ስለሚያስቆጣ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ማምረት አይገባም። ለመቁረጥ የሚገባም ሰው አፍና አፍንጫውን በማስክ ይሸፍን።