«ህልም እንደ ፈቺው ነው»፦ የአንድ ማሲንቆ መቺ የገና ሰሞን ሐሳብ

ጠዋት ተነስቶ «ህልም አየሁ» የሚል ሰው ካለበት ቤት ያደገ ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። ህልሙ ገና ሳይነገር፣ ቡናው ሳይወቀጥ፣ ከማድ ቤት በኩል አንድ ድምፅ «መልካም ነው! ደግ ነው!» ይላል። ምን እንደታየ ማንም አልጠየቀም። እባብ ይሁን ባሕር፣ የሞተ ዘመድ ይሁን የወለቀ ጥርስ፣ አስቀድሞ ደግ ተብሏል። «እስቲ በል ንገረን» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።

«ህልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለው አባባል የሚኖረው እዚህ ልማድ ውስጥ ነው። ህልም በራሱ ጥሩም መጥፎም አይደለም፤ የሚሆነው ፈቺው እንዳለው ነው ማለት ነው። ደግ ሰው ከፈታው ለደግ፣ ክፉ ሰው ከፈታው ለክፉ። ለዚህ ነው ትልልቆቹ ህልምን ላገኙት ሰው አይዘሩም የሚሉት። ለሚወድህ ንገር፣ ካልሆነ ዋጥ አድርገው።

ዛሬ አባባሉ ከህልም ወጥቶ ብዙ ቦታ ይሠራል። አለቃህ ማታ ላይ «ነገ ጠዋት ቢሮዬ ና» ብሎ አጭር መልእክት ይልክብሃል። አንዱ ጓደኛህ «እድገት ነው» ይልሃል። ሌላው «ዕቃህን ሰብስብ» ይልሃል። መልእክቱ ያው አራት ቃል ነው። እንቅልፍህን የሚሰጥህም የሚነሳህም የጓደኛህ አፍ ነው። ሰዎች እዚህ ላይ «ያው ህልም እንደ ፈቺው ነው» ብለው ይስቃሉ።

እኔ ማሲንቆ መቺ ነኝ። ይህ አባባል ከማንም በላይ የእኛ ሙያ ይመስለኛል። ወቅቱም አለው፤ ወቅቱ ይኸው የገና ሰሞን ነው።

ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ይገባል። እስከ ገና ዋዜማ ድረስ ሠርግ የለም። ሠርግ ከሌለ ለእኛ ብዙም ሥራ የለም። ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይሰነብታል። የታኅሣሥ ብርድ ቆዳውን ያላላዋል፤ አንዳንዴ አወርድና ፍም አጠገብ አሞቀዋለሁ። ደጋኑን እጣን አስነካና የፈረስ ጭራውን አንድ ሁለቴ ገዝግዤ መልሼ እሰቅለዋለሁ። የቀረው ጥርን መጠበቅ ነው። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥር የሠርግ ወር ነው፤ የዓመቱን ቀለብ ግማሽ የሚሸፍነው እሱ ነው። ስለዚህ በገና ጾም የሚታየኝ ህልም አንድ ነው። ሠርግ።

ችግሩ ግን፣ በእኛ አገር ሠርግ በህልም ማየት ሐዘን ነው ይባላል። ጭፈራው ለቅሶ፣ ድንኳኑ የለቅሶ ድንኳን ነው ይላሉ። ሰገራ ያየ ገንዘብ ያገኛል፤ ሠርግ ያየ ግን ነጠላውን ያዘቅዝቅ። (ይህን ያወጣው ሰው በሠርግ የማይበላ መሆን አለበት።) ልጅ ሆኜ ይህንን ህልም ለአያቴ ስነግራት ትንሽ ዝም ትላለች። ከዚያ «ሙሽራዋ ነጭ ለብሳለች?» ትላለች። አዎ ስላት «ነጭ ከለበሰች ብርሃን ነው፣ ደግ ነው፣ ለደግ ይፍታልህ» ብላ ትጨርሰዋለች። አንድ ቀን «አልታየኝም፣ ጨለማ ነበር» አልኳት። «ጨለማ ከሆነ ታዲያ ምን አየህና ነው የምታወራው!» ብላ ወደ ሥራዬ አባረረችኝ። ፈቺ ማለት እንዲህ ያለው ነው። ከየትም አምጥቶ ወደ ደግ የሚያዞረው።

የአባባሉን ሥር ከኦሪት ዘፍጥረት አላርቀውም። ምዕራፍ 40 ላይ የያዕቆብ ልጅ ዮሴፍ ግብፅ ውስጥ እስር ቤት ነው። የፈርዖን የጠጅ አሳላፊዎች አለቃና የእንጀራ አበዛዎች አለቃም አብረውት ታስረዋል። ሁለቱም በአንድ ሌሊት ህልም ያያሉ። አንዱ ሦስት ሐረግ ያላት ወይን፣ ሌላው በራሱ የተሸከማቸው ሦስት መሶቦች። ዮሴፍ ሦስቱም ሦስት ቀን ነው አለ። ለጠጅ አሳላፊው «ወደ ቦታህ ትመለሳለህ»፣ ለእንጀራ አበዛው «ትሰቀላለህ»። እንደዚያው ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈርዖን ሰባት የሰቡና ሰባት የከሱ ላሞችን አይቶ ፈቺ ሲያጣ፣ ያ የዳነው ጠጅ አሳላፊ ዮሴፍን አስታወሰ። ለንጉሡ የተናገረውም ነገሩ ልክ እንደፈታልን ሆነ የሚል ነው። አባባሉ ከዚህ ምስክርነት የወጣ ይመስለኛል።

በዚህ ታሪክ የማዝነው ለእንጀራ አበዛው ነው። መጽሐፉ አንዲት ነገር ጣል አድርጎ ያልፋል። ሰውየው ህልሙን የተናገረው ለጓደኛው የተፈታው መልካም መሆኑን አይቶ ነው። ማለትም ጎምጅቶ ነው። ሙዚቃ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል። ጓደኛው አንድ ዘፈን ወጥቶለት በዩቲዩብ ሲታይ፣ የእኔም ይወጣል ብሎ ያለ የሌለውን ሸጦ ስቱዲዮ የሚገባ።

ዮሴፍ ራሱም ቢሆን ህልሙን የማይነገር ቦታ ተናግሮ ነው እስር ቤት የደረሰው። ነዶዎቻችሁ ለነዶዬ ሰገዱ ብሎ ለወንድሞቹ ነገራቸው። እነሱ መፍታቱን አላቃታቸውም፤ «በእኛ ላይ ልትነግሥ ነው?» ብለው በትክክል ፈቱት። ግን በጥላቻ ፈቱት። ጉድጓድ ጣሉት፣ ከዚያ ሸጡት። መጨረሻ ላይ የነገሩት ቢደርስም መንገዱ በጉድጓድ በኩል ሆነ። ፈቺው የህልሙን ፍጻሜ ባያበላሽ እንኳ መንገዱን ያስረዝመዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ገና። የማቴዎስን ወንጌል የመጀመሪያ ሁለት ምዕራፎች ስታነብ የልደት ታሪክ የሚንቀሳቀሰው በህልም መሆኑን ታያለህ። ዮሴፍ እመቤታችንን እንዳይተዋት የተነገረው በህልም ነው። ሰብአ ሰገል ወደ ሄሮድስ እንዳይመለሱ የተነገራቸው በህልም ነው። ወደ ግብፅ ሽሽ፣ ተመለስ፣ ወደ ገሊላ ሂድ፣ ሁሉም በህልም። አምስት ህልም በሁለት ምዕራፍ። ደግሞ የሚገርመው፣ ይኸኛውም ዮሴፍ በማቴዎስ ትውልድ ቆጠራ የያዕቆብ ልጅ ነው። እሱም ግብፅ ይወርዳል። ልዩነታቸው አንድ ነው፤ የኋለኛው ዮሴፍ ፈቺ አላስፈለገውም። መልአኩ ነዶና ላም አላሳየውም፣ በግልጽ ተነሣ አለው። ተነሣ። ያውም በሌሊት፣ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ። ጠዋት እስኪሆን ለጎረቤት አላማከረም። አባባላችን ለመጀመሪያው ዮሴፍ ይሠራል፣ ለሁለተኛው አይሠራም። ቤተ ክርስቲያን ያንን ስደት የምታስበው ከመስከረም 26 ጀምሮ በጽጌ ነው፤ ኅዳር 6 ቁስቋም ሲሆን ያበቃል። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የገና ጾም ይገባል። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ስደቱ ቀድሞ ይታሰብና ልደቱ ይከተላል። ማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ታኅሣሥ ላይ የሚጠብቀው የሚያውቀውን ሕፃን ነው።

ግን እኔ ካህን አይደለሁም፣ ወደ ሙያዬ ልመለስ። አዝማሪ ቤት ገብተህ «ተቀበል!» ስትል የሆነ ነገር ትሰጠኛለህ፣ እኔ ደግሜ እሰጥሃለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን የሚወስነው እዚያ ጥግ የተቀመጠው ሰው ነው። ካዛንቺስ ገና ሳይፈርስ፣ በአንድ የገና ማታ ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ነበር። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ጾሙ ተፈትቷል፣ ብርሌው ይዞራል። ለበዓል ከአሜሪካ የመጡም ነበሩ። በትዝታ ቅኝት ያወጣሁት ይቺን ነበር፦

በህልሜ መጣሽና ጋቢ ደረብሽልኝ፣
ስነቃ ውርጩ ነው እንዴት አደርክ ያለኝ።

አንዲት ከውጭ የመጣች ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በኋላ ስሰማ እናቷን ያስታወስኩባት መስሏታል፤ እሷ ባሕር ማዶ እያለች ነው የሞቱት። ከጎኗ ያሉት ወጣቶች ደግሞ አንዱን ጓደኛቸውን እየጎነተሉ ሳቁበት፤ ሰሞኑን የተወችው ልጅ ነበረች። ከሁሉ የገረሙኝ ግን አንድ ሽበታም አባት ናቸው። ተነስተው መጡና ብር ግንባሬ ላይ ለጥፈው በጆሮዬ «የ97 ተመዝጋቢ ነኝ። ስለ ኮንዶሚኒየም መሆኑ ገብቶኛል፣ ተባረክ» አሉኝ። አንድ ግጥም፣ ሦስት ፍቺ። እኔ ያሰብኩት ከሦስቱም የተለየ ነበር። አልተናገርኩም። ሽልማቱንም አልመለስኩም።

ስለ ገና ሲነሳ የማይቀረው ሌላው አባባል «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነው። ብዙ ሰው ለየብቻ ያውቃቸዋል፤ እኔ ግን ዘመዳሞች ይመስሉኛል። መነሻው ሜዳ ላይ ነው። በገና ቀን፣ ማለትም ታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ 28)፣ ሁለት ወገን ይሆኑና ጫፉ ቆልመም ባለ በትር ሩሯን ይለጓታል። እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ በደስታ በበትራቸው የተጫወቱት ነው ይባላል። በቀድሞው ጊዜ ጌታና ሎሌ እኩል የሚገቡበት ሜዳ ይህ ነበር። ሎሌው ሩሯን ስቶ የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው ይቅርታ የለም፣ ካሳም የለም። ያሸነፈው ወገን ደግሞ የተሸነፈውን በግጥም ያዋርዳል። «አሲና በል አሲና ገናዬ» እያለ ተቀባዩ ሲያጅብ፣ አውራጁ የጌትየውን ስስት፣ የሆዱን ግዝፈት፣ የፈረሱን ክሳት አንድ በአንድ ያወርደዋል። በሌላ ቀን ያስገርፍ የነበረ ቃል ነው። በዚያን ቀን ግን ጌታው ስቆ ጠላ ያስቀዳል።

ቃሉ አልተለወጠም። የተለወጠው ሰሚው ነው። ስድቡን ለጨዋታ ፈታው። ለአንድ ቀንም ቢሆን ትልቁ ሰው የትንሹን ሰው ንግግር ወደ ደግ እንዲፈታ ግዴታ አለበት። አያቴ በየጠዋቱ ለእኔ የምታደርገውን ጌታው በዓመት አንዴ ያደርገዋል። እውነቱን ለመናገር ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ አዝማሪ ከስንቱ ጋር የተጣላው በሚናገረው ሳይሆን በተፈታለት ነው። ዛሬም አንዳንድ ሠርግ ላይ የሙሽራውን አጎት ትንሽ ነካ ታደርግና ሰውየው ፊቱ ይጠቁራል። እንዲያ ሲሆን ቅኝቱን ሳልቀይር ወደ ሙሽሪት እዞራለሁ።

ላሊበላን ሳልነካ ባልፍ የሰሜን ሰው አይምረኝም። በትውፊቱ ንጉሥ ላሊበላ መርዝ ጠጥቶ ሦስት ቀን እንደ ሞተ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ መላእክት ወደ ሰማይ አውጥተው የሚያንጻቸውን አብያተ ክርስቲያናት አሳዩት ይባላል። ልደቱም ታኅሣሥ 29 ነው፤ ከጌታ ልደት ጋር አብሮ ይከበራል። በቤተ ማርያም ካህናቱ ግማሹ ከላይ አለቱ ላይ፣ ግማሹ ከታች ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ የሰማ ሰው ያ ራእይ እንዴት እንደተፈታ ያየዋል። በቃል አልተፈታም። በመሮና በመዶሻ፣ ከአንድ ወጥ ድንጋይ ነው የተፈታው። እንደዚህ ያለ ፈቺ ለሁላችን ይስጠን።

አባባሉ አላግባብ የሚነገርበት ጊዜም አለ። አንዳንዱ «ህልም እንደ ፈቺው ነው» ሲል ሁሉም ነገር እንደፈለግህ ይተረጎማል፣ እውነት የለም ማለቱ ነው። ውል አፍርሶ፣ የሰው ሒሳብ ቆርጦ፣ ሲጠየቅ ይቺን ይጠቅሳል። አንድ ሠርግ ጠርቶኝ «ምሽቱን በሙሉ» ያልኩትን «እስከ ራት» ብሎ የፈታልኝ ሰው አለ፤ በግማሽ ዋጋ ሸኘኝ። ይህ ፍቺ አይደለም፣ ክህደት ነው። አባባሉ የሚናገረው ገና ስላልሆነው ነገር ነው። የተዋዋልነው ደግሞ ህልም አልነበረም።

ሰሞኑን አንድ ክራር የሚመታ ልጅ ቤቴ መጣ። ፊቱ ልክ አይደለም። «ጋሼ፣ መድረክ ላይ ቆሜ የክራሬ አውታር ሁሉ ተራ በተራ ተበጠሰ፤ ሰው ዝም ብሎ ያየኛል» አለኝ። ቀድሞ ለጓደኛው ነግሮት ነበር። ጓደኛው «በቃ ሙያው አልተጻፈልህም» ብሎታል። እንቅልፍ ከተወው ሰነባብቷል፣ ያንኑ እንዳያይ ብሎ። «ህልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» አልኩት። ይቺ ደግሞ ሌላ አባባል ናት፤ ይደርስብኛል ብለህ የግድ የሆነውን ነገር አትተውም ለማለት ነው የምትነገረው። ከዚያ የእሱን ፈታሁለት። ስድስቱም ከተበጠሱ ስድስት ሠርግ ነው፣ ደግ ነው። «የምርህን ነው?» አለ። የመጀመሪያው ጥር 12፣ ለቃና ዘገሊላ፣ ጎጃም በረንዳ አካባቢ ነው፣ ከእኔ ጋር ትመታለህ አልኩት። መለዋወጫ አውታር ግን ይዘህ ና።