ቤንች ዋራንት ምንድን ነው? ካለብኝስ?

በአገራችን ችሎት «ተይዞ ይቅረብ» የሚባለው ትእዛዝ በአሜሪካ ቤንች ዋራንት ይባላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ካፒያስ ሲሉትም ትሰማላችሁ። ቤንች የዳኛው ወንበር ነው። ይህን ትእዛዝ ፖሊስ መርምሮ አይጠይቀውም፤ ቀጠሮ ሲቀር ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይፈጸም ሲቀር ዳኛው ራሱ ያወጣዋል።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ከትራፊክ ቅጣት ነው። ሰው ቤት ይቀይራል፣ ደብዳቤው ወደ ድሮ አድራሻው ይሄዳል፣ ቀጠሮው ያልፋል። ከወራት በኋላ የኋላ መብራቱ ስለጠፋ ፖሊስ ያስቆመዋል። መንጃ ፈቃዱን ኮምፒውተር ላይ ሲያይ ዋራንቱ ብቅ ይላል። ዝም ስላሉት አይጠፋም።

ሜሪላንድ ከሆናችሁ «ኬዝ ሰርች» በሚባለው የፍርድ ቤቶቹ ድረ ገጽ ስማችሁን በነጻ ፈልጉ። ስማችን በእንግሊዝኛ ሁለት ሦስት ዓይነት ይጻፋልና ሁሉንም ሞክሩ። ምንም አላገኘሁም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ጠበቃ ቢያጣራላችሁ ይሻላል።

ካለባችሁ ጠበቃው ትእዛዙ እንዲነሳ ለዳኛው ያመለክታል። ተይዞ ከመጣ ይልቅ በራሱ እግር የመጣ ሰው የተሻለ ዕድል አለው። ለጠበቃ አቅም ካነሳችሁ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ጠይቁ። አስተርጓሚም ጠይቁ። ዜግነት ያላገኛችሁ ደግሞ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ፤ ይህን እባካችሁ አትዝለሉት።

«ዋራንት አለብህ፣ በጊፍት ካርድ ክፈል» ብሎ የሚደውል ሌባ ነው። ስልኩን ዝጉበት።